ኢንተርኔት በመብራት ሽቦ፦ በባሕር ዳር ግቢዎች ከመሣሪያው ግዢ የሚቀድመው ጉዳይ

በባሕር ዳር ከተማ የተለመደው የመኖሪያ ግቢ ከፊት ዋናውን ቤት፣ ከኋላ ደግሞ ኩሽናውንና የተከራይ ክፍሎችን የያዘውን ሰርቪስ ቤት አጣምሮ የያዘ ነው። የኢንተርኔት መስመሩ የሚገባው በዋናው ቤት ሳሎን በኩል ሲሆን ራውተሩም አብዛኛውን ጊዜ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ይቀመጣል። ከሳሎኑ እስከ ሰርቪሱ ያለው ርቀት ከ15 ወይም ከ20 ሜትር ላይበልጥ ይችላል። ይሁን እንጂ በመካከሉ ሁለትና ሦስት የብሎኬት ግድግዳ፣ የብረት በርና የቆርቆሮ ክዳን ስለሚኖር የዋይፋይ ሞገዱ ኋላ ካለው ክፍል ሲደርስ ተዳክሞ ይጠፋል። የአንድ ወር የአገልግሎት ክፍያ የከፈለ ቤተሰብ በገዛ ግቢው ውስጥ ግማሹን ቦታ ሳይጠቀምበት ይቀራል።

ይህ ሁኔታ ቀደም ሲል በዋናነት ከመዝናኛ ጋር የተያያዘ ነበር። በ2012 ዓ.ም. የጸደቀው የዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 ስትራቴጂ ተግባራዊ መሆን ከጀመረ ወዲህ ግን ነገሩ ተለውጧል። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ክፍያን ወደ ስልክ አምጥቷል፤ የፋይዳ መታወቂያ ለበርካታ አገልግሎቶች መግቢያ እየሆነ ነው፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ይፋ የተደረገው የአምስት ሚሊዮን ኮደርስ መርሐ ግብርም ወጣቶች በኢንተርኔት አማካይነት በነፃ እንዲሠለጥኑ ዕድል ከፍቷል። ሥልጠናውን የሚከታተለው ወጣት የሚያጠናበት ክፍል ከኋላ ያለው ከሆነና መስመሩ እዚያ የማይደርስ ከሆነ፣ ቤተሰቡ ሁለተኛ የኢንተርኔት መስመር ከማስገባት ወይም ልጁን ሌሊት ሳሎን ከማስቀመጥ አንዱን ለመምረጥ ይገደዳል።

በኤሌክትሮኒክስ መሸጫዎች የሚገኘውና ከውጭ አገር የሚመለሱ ዘመዶችም ይዘውት የሚመጡት ፓወርላይን አዳፕተር የተባለ መሣሪያ ለዚህ ችግር መፍትሔ ሆኖ ይቀርባል። መሣሪያው ጥንድ ነው። አንደኛው ከራውተሩ ጋር በአጭር የኔትወርክ ገመድ ተገናኝቶ በአቅራቢያው ባለ ሶኬት ላይ ይሰካል፤ ሁለተኛው ኢንተርኔት በሚፈለግበት ክፍል ሶኬት ላይ ይሰካል። በሁለቱ መካከል አዲስ ገመድ አይዘረጋም፤ ግድግዳ አይበሳም። መረጃው የሚጓዘው አምፖሉንና ፍሪጁን በሚያሠራው የመብራት ሽቦ ውስጥ ነው።

አሠራሩ ከሚገመተው በላይ ቀላል መርሕ ያለው ነው። በአገራችን የቤት ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ሲሆን በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። መሣሪያው በዚያው ሽቦ ላይ እጅግ ፈጣንና እጅግ ደካማ የሆነ ሌላ ምልክት ይጭናል፤ ድግግሞሹም እንደ ሥሪቱ ከ2 ሜጋ ኸርዝ ተነሥቶ እስከ 86 ሜጋ ኸርዝና ከዚያም በላይ ይደርሳል። የጣና ውኃ ከፍና ዝቅ የሚለው በክረምትና በበጋ መፈራረቅ ነው፤ በላዩ ላይ የሚሄደው ትንሽ ሞገድ ግን በየቅጽበቱ ይለዋወጣል፤ አንዱ ሌላውን አያግደውም። የመብራቱና የመረጃው ነገርም ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። ቴክኖሎጂው አዲስ አይደለም። ለቤት አገልግሎት የሚሆነው የመጀመሪያው የጋራ ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2001 ወጥቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 በተሻለ ደረጃ ተተክቶ፣ ከዚያም ወዲህ ተደጋጋሚ ማሻሻያ የተደረገበት ነው።

አስቀድሞ መታረም ያለበት አንድ የተሳሳተ ግንዛቤ አለ። መሣሪያው ኢንተርኔትን ከመብራት መስመር ቀድቶ አያመጣም። ከቴሌኮም ድርጅት የተገዛ የኢንተርኔት አገልግሎት በሌለበት ቤት ውስጥ አዳፕተሩ የሚያገለግለው ኮምፒውተርን ከኮምፒውተር ወይም ከማተሚያ ጋር ለማገናኘት ብቻ ነው። ኢንተርኔትን ራሱን በመንገድ የኤሌክትሪክ መስመር ወደ ቤቶች ለማድረስ በሌሎች አገሮች ተሞክሮ ነበር። በአሜሪካ ቨርጂኒያ የምትገኘው የማናሳስ ከተማ ይህንኑ አገልግሎት ለነዋሪዎቿ ስትሰጥ ቆይታ እ.ኤ.አ. በ2010 አቋርጣለች። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ለቴሌኮም ድርጅቶች የሚያከራየው መስመርም ቢሆን በከፍተኛ ኃይል ማስተላለፊያ ምሰሶዎች ላይ አብሮ የተዘረጋ የኦፕቲካል ፋይበር ነው፤ መረጃው የሚያልፈው በብርሃን እንጂ በኤሌክትሪክ ሽቦው ውስጥ አይደለም።

በካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ቁጥርም ገዢን ሲያሳስት ይስተዋላል። 600፣ 1000 ወይም 2000 ሜጋ ቢት በሰከንድ ተብሎ የሚጻፈው በቤተ ሙከራ፣ በምርጥ ሽቦ ላይ፣ የመላኪያና የመቀበያ ፍጥነት ተደምሮ የሚገኝ የንድፈ ሐሳብ ጣሪያ ነው። በተለመደ ቤት የሚገኘው ከዚያ ሩብ ያህሉ፣ ብዙ ጊዜም ከሩብ በታች ነው። እንዲያውም 600 የሚል ቁጥር ከያዙት ብዙዎቹ የኔትወርክ ገመድ የሚገባበት ቀዳዳቸው ከ100 ሜጋ ቢት በላይ የማያሳልፍ በመሆኑ፣ ሽቦው የፈለገውን ያህል ጥሩ ቢሆን ከ100 የሚያልፍ ፍጥነት አይገኝባቸውም። ለአብዛኛው የባሕር ዳር ነዋሪ ግን ይህ ተስፋ የሚያስቆርጥ አይደለም። ቤተሰቡ የገዛው የኢንተርኔት ጥቅል 10 ወይም 20 ሜጋ ቢት ከሆነ፣ ከኋለኛው ክፍል 30 ሜጋ ቢት ሳይቆራረጥ የሚያደርስ መካከለኛ መሣሪያ የተከፈለበትን አገልግሎት ሙሉ በሙሉ ያደርሳል። በውዱና በመካከለኛው መካከል ያለውን የዋጋ ልዩነት ለሽቦው ጥገና ማዋል ይበልጥ ይጠቅማል።

የነገሩ ቁልፍ ያለው በዚሁ ሽቦ ላይ ነው። ባሕር ዳር ከኤሌክትሪክ ጋር የቆየ ትውውቅ ያላት ከተማ ናት፤ በ30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ የሚገኘው የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ሥራ የጀመረው በ1950ዎቹ አጋማሽ ነው። የከተማዋ ቤቶች ግን በአንድ ጊዜ የተሠሩ አይደሉም። ግቢው እየሰፋ፣ ለልጅ አንድ ክፍል፣ ለተከራይ ሁለት ክፍል እየተጨመረ ሲሄድ ሽቦውም አብሮ ተቀጥሏል። ከዋናው ቤት የሶኬት መስመር ተጠልፎ ኩሽና ደርሷል፤ ከኩሽናው ተጠልፎ ሰርቪስ ገብቷል። ቅጥሉ በማያያዣ ሳይሆን በእጅ ተጠምዝዞና በፕላስተር ተጠቅልሎ የተሠራ ሊሆን ይችላል። የሽቦው ውፍረት ከቦታ ቦታ ይለያያል። እንዲህ ያለው ቅጥል አምፖል ለማብራት ችግር የሌለበት ይመስላል። በከፍተኛ ድግግሞሽ ለሚጓዘው ደካማ ምልክት ግን እያንዳንዱ የላላ ቅጥል፣ እያንዳንዱ ጫፉ ተቆርጦ የቀረ ሽቦ ምልክቱን የሚያንጸባርቅና የሚያባክን እንቅፋት ነው። ስለዚህም በአንድ ግቢ ውስጥ በ10 ሜትር ርቀት ላይ ያለ ሶኬት ፈጽሞ ሳይሠራ፣ በ30 ሜትር ርቀት ላይ ያለው በሚገባ ሲሠራ ይታያል። የሚቆጠረው በእግር የሚለካው ርቀት ሳይሆን ሽቦው የዞረበት መንገድ ነው።

ፎቅ ቤቶችና በሐይቁ ዳር የሚገኙ የእንግዳ ማረፊያዎች ደግሞ ሌላ ጉዳይ አላቸው። ብዙዎቹ ባለ ሦስት ፌዝ መስመር ስላላቸው የምድር ቤቱ በአንዱ ፌዝ፣ የላይኛው ወለል በሌላው ሊመገብ ይችላል። በተለያየ ፌዝ ላይ የተሰኩ ሁለት አዳፕተሮች ጨርሶ ላይገናኙ ወይም በጣም በደከመ ምልክት ሊገናኙ ይችላሉ። የማረፊያው ባለቤት ለ12 ክፍሎች 12 መሣሪያ ከመግዛቱ አስቀድሞ የትኛው ክፍል ከየትኛው ፌዝ እንደሚመገብ ሽቦውን ከዘረጋው ባለሙያ ቢጠይቅ ብዙ ገንዘብ ያተርፋል።

በሽቦው ላይ አብረው የሚሠሩ ዕቃዎችም ድርሻ አላቸው። ጥራታቸው ዝቅተኛ የሆኑ የስልክ ቻርጀሮችና የኤልኢዲ አምፖሎች፣ የውኃ ፓምፕና የፍሪጅ ሞተር በመስመሩ ላይ የኤሌክትሪክ ረብሻ ይለቃሉ። የእንጀራ ምጣድ ብዙ ጊዜ በጥፋተኝነት ይጠቀሳል፤ ነገር ግን ምጣድ ሽቦን በማጋል የሚሠራ በመሆኑ ራሱ የሚያመነጨው ረብሻ አነስተኛ ነው። ችግሩ ምጣዱ ከፍተኛ ኃይል ሲስብ የላላው ቅጥል መሞቁና የቮልቴጁ መውረዱ ነው። በእንጀራ ጋገራ ቀን ኢንተርኔቱ የሚቆራረጥበት ቤተሰብ ሊጠራጠር የሚገባው ምጣዱን ወይም አዳፕተሩን ሳይሆን መስመሩን ነው።

ከዚህ የሚነሣው ቁም ነገር ከኢንተርኔት ፍጥነት የሚያልፍ ነው። አዳፕተሩ የማይሠራበት ሽቦ አንዳንድ ጊዜ አደጋ ያለበት ሽቦ ነው። ሲነካ የሚሞቅ ሶኬት፣ በተደጋጋሚ የሚወርድ ብሬከር፣ የፍሪጁ ወይም የምጣዱ አካል ሲነካ መንዘር፣ ምጣድ ሲሰካ የሚደበዝዝ መብራት፤ ከእነዚህ አንዱ በሚታይበት ቤት የመጀመሪያው ወጪ መሆን ያለበት ለባለሙያ የሚከፈለው ነው። በተለምዶ ኧርዝ የሚባለው የመሬት ሽቦ በብዙ ነባር ቤቶች አልተዘረጋም፤ ተዘርግቶም ቢሆን ጥቁር ድንጋይ ቶሎ በሚገኝባቸው የከተማዋ አካባቢዎች ዘንጉ በሚፈለገው ጥልቀት ላይገባ ይችላል። አንዳንድ አዳዲስ አዳፕተሮች ለተሻለ ፍጥነት ሦስተኛውን የመሬት ሽቦ ጭምር ስለሚጠቀሙ፣ እርሱ በሌለበት ቤት ለዚያ ብቃት የተከፈለው ተጨማሪ ገንዘብ ዋጋ አይኖረውም። የመሬት ሽቦው ግን ለአዳፕተር ብሎ ሳይሆን ለሰው ሕይወት ሲባል ሊኖር የሚገባው ነው።

ከቆጣሪው በኋላ ያለው የቤት ውስጥ መስመር የደንበኛው ኃላፊነት ሲሆን፣ ከቆጣሪው በፊት ባለው መስመርና በቆጣሪው ላይ ለሚያጋጥም ችግር ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት በ905 ነፃ የስልክ መስመር ማመልከት ይቻላል። የቤት ውስጥ ሥራ ሲሠራ ተገልጋዮች ከነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን የብቃት ማረጋገጫ ያለው ባለሙያ መሆኑን ጠይቀው ማረጋገጥ ይኖርባቸዋል። ቆጣሪ ከፍቶ መነካካት በምንም ምክንያት አይፈቀድም፤ አዳፕተር ለመትከልም ይህ ፈጽሞ አያስፈልግም።

የግቢ ኑሮ የሚያስነሣው ሌላው ጥያቄ የምሥጢር ጥበቃ ነው። ባለቤቱና ሦስት ተከራዮች በአንድ ቆጣሪ ሲገለገሉ ሽቦው አንድ ነው፤ በሽቦው ላይ የሚጓዘው ምልክትም በሁሉም ክፍል ሶኬት ላይ ይገኛል። ቆጣሪውም ቢሆን ምልክቱን ሙሉ በሙሉ አያግደውም፤ ከአንድ ትራንስፎርመር ወደሚመገብ የጎረቤት ቤት የተወሰነ ምልክት ሊያልፍ ይችላል። መሣሪያዎቹ የሚለዋወጡትን መረጃ በ128 ቢት ምስጠራ የሚጠብቁ መሆናቸው ጥሩ ነው። ይሁንና ብዙዎቹ ከፋብሪካ ሲወጡ አንድ የጋራ መለያ ይዘው ስለሚወጡ፣ መለያው ካልተቀየረ ተመሳሳይ መሣሪያ የገዛ ጎረቤት ሳያስበው ከሌላው ቤት ኔትወርክ ጋር ሊገናኝ ይችላል። መፍትሔው ቀላል ቢሆንም ይዘነጋል፦ በሁለቱም አዳፕተሮች ላይ የሚገኘውን የማጣመሪያ ቁልፍ በሁለት ደቂቃ ጊዜ ውስጥ ተራ በተራ በመጫን የራሳቸው የሆነ አዲስ መለያ እንዲፈጥሩ ማድረግ ነው። በቴሌብርና በባንክ መተግበሪያ ገንዘብ በሚንቀሳቀስበት ቤት ይህች ሁለት ደቂቃ ልትታለፍ አይገባም።

አከራይና ተከራይ ወጪ ተጋርተው በአንድ መስመር መጠቀማቸው በብዙ ግቢዎች የሚታይ ነው። ሆኖም የኢንተርኔት አገልግሎትን ገዝቶ በትርፍ ለሌሎች መሸጥ ፈቃድ የሚጠይቅ የንግድ ሥራ መሆኑ መታወቅ አለበት። ዘርፉን የሚቆጣጠረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሲሆን፣ ወደ አገር ውስጥ የሚገቡ የቴሌኮሙኒኬሽን መሣሪያዎች ደረጃቸውን የጠበቁ ስለመሆናቸው ማረጋገጫ የሚሰጠውም ይኸው ተቋም ነው። በብዛት ለማስመጣት ያሰበ ነጋዴ ዕቃው ጉምሩክ ከመድረሱ በፊት ባለሥልጣኑን ቢጠይቅ ይመረጣል።

ብዙም የማይነገርለት አንድ ጎን ደግሞ አለ። የቤት ሽቦ ምልክቱን እየተሸከመ ባለበት ጊዜ እንደ አንቴና ያገለግላል። መሣሪያው ከሚሠራባቸው ድግግሞሾች ከ3 እስከ 30 ሜጋ ኸርዝ ያለው ክልል የአጭር ሞገድ ሬዲዮ የሚሰማበት ነው። ማታ ማታ በአጭር ሞገድ የአማርኛ ዜና የሚያዳምጡ አዛውንት ባሉበት ግቢ አዳፕተሩ ከተሰካ ወዲህ ሬዲዮው መንሾካሾክ ከጀመረ ምክንያቱ ይኸው ሊሆን ይችላል። ሬዲዮውን ከግድግዳ ሶኬት ነቅሎ በባትሪ ማሠራትና ከሽቦው ራቅ ማድረግ ችግሩን ይቀንሰዋል፤ ካልተቀነሰም ዜናው እስኪያልቅ አዳፕተሩን መንቀል ነው።

መሣሪያውን ለመግዛት የወሰነ ሰው በቀጥታ የግድግዳ ሶኬት ላይ እንዲሰካ ይመከራል። በተለምዶ ዲቫይደር በሚባለው ባለ ብዙ ቀዳዳ ማከፋፈያ፣ በስታቢላይዘር ወይም በዩፒኤስ በኩል ሲሰካ በእነዚህ ውስጥ ያለው ማጣሪያ ምልክቱን ረብሻ መስሎት ያስቀረዋል። ከዱባይ የሚመጡት ብዙውን ጊዜ ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር፣ ከአሜሪካ የሚመጡት ባለ ሁለት ጠፍጣፋ እግር በመሆናቸው በአገራችን ባለ ክብ ቀዳዳ ሶኬት ላይ የሚገቡት በመቀየሪያ ነው፤ የላላ መቀየሪያ ደግሞ ምልክቱን ከማዳከሙም በላይ ይሞቃል። በጀርባው ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ጽሑፍ መኖሩን ማየት፣ ክብ እግር ያለውን መምረጥ ይበጃል። ሁለቱ መሣሪያዎች አንድ ዓይነት ደረጃ የሚከተሉ መሆን አለባቸው፤ በገበያው ላይ እርስ በርስ የማይግባቡ ሁለት ደረጃዎች ስላሉ አንዱን ከአንድ ሱቅ፣ ሌላውን ከሌላ መግዛት ለኪሳራ ይዳርጋል። የሚወስዱት ኃይል አነስተኛ ነው። ሁለቱ በአንድነት 6 ዋት ቢወስዱና ሳይነቀሉ ቢከርሙ በወር 4.3 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃሉ።

በጣና ዙሪያ ክረምት ነጎድጓዳማ ነው። መብረቅ በአየር ላይ በተዘረጋው የኤሌክትሪክ መስመር ገብቶ አዳፕተሩን፣ በእርሱም በኩል በኔትወርክ ገመድ የተያያዘውን ራውተርና ኮምፒውተር ሊያቃጥል ይችላል። ነጎድጓድ ሲጀምር አዳፕተሩን መንቀል ብቻ በቂ አይደለም፤ ራውተሩም ኮምፒውተሩም መነቀል አለባቸው።

መብራት ሲጠፋ አዳፕተሩም አብሮ ይጠፋል። ዋናው ድክመቱ ይህ ነው ማለት ይቻላል። ራውተሩን በአነስተኛ ባትሪ የሚያሠራ ቤተሰብ ዋይፋዩ ሳሎን ውስጥ ሲቀጥል የኋለኛው ክፍል ግን ይቋረጥበታል። ስለዚህ ግድግዳ መብሳትና ገመድ መዘርጋት የሚችል የቤት ባለቤት ከሁሉም በፊት ሊያስበው የሚገባው ተራውን የኔትወርክ ገመድ ነው፤ በቱቦ ውስጥ፣ ከመብራት ሽቦው ተለይቶ ሲዘረጋ ርካሽ፣ ፈጣንና ለዓመታት የሚያገለግል ነው። የዋይፋይ ማጠናከሪያም ቢሆን በሳሎኑና በሰርቪሱ መካከል ምልክቱ ገና ሳይሞት የሚቀመጥበት ቦታ ከተገኘ ብዙዎችን ያስደስታል። አዳፕተሩ የሚመረጠው ለተከራይ ነው፤ ግድግዳ የመብሳት ፈቃድ ለሌለው፣ ነገ ቤት ሲለቅ ነቅሎ ይዞት መሄድ ለሚፈልግ ሰው። በደሴቶችና በሐይቁ ዳር ከዋናው መስመር ርቀው በአነስተኛ የፀሐይ ኃይል በቀጥታ ጅረት ለሚገለገሉ ቤተሰቦች ግን መሣሪያው አይሆንም፤ የሚሠራው በተለዋዋጭ ጅረት ነውና።

ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ከሻጩ ጋር የመመለሻ ጊዜ መነጋገር፣ ከተቻለም ከጎረቤት ተውሶ መሞከር ተገቢ ነው። ሙከራው በመጀመሪያ ሁለቱንም በአንድ ክፍል ውስጥ በሚገኙ ሁለት ሶኬቶች ላይ በመሰካት ይጀመራል። እዚያ ከሠራና ኋላ ካለው ክፍል ካልሠራ ጉድለቱ የመሣሪያው ሳይሆን የመስመሩ ነው። ሁለተኛው ሙከራ መብራት በብዛት በሚበራበትና ምጣድ በተጣደበት ሰዓት፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ቢደረግ እውነተኛውን ውጤት ያሳያል። ራውተሩ ዘንድ ራሱ ኢንተርኔቱ የተቋረጠ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ከአዳፕተሩ ጋር አይገናኝም፤ የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኞች በ994 ደውለው የመስመራቸውን ሁኔታ ማስመርመር ይችላሉ።